ተያይዘው

የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር ምላሴ ላይ የጨውና የዝገት ጣዕም ይመጣል። መንገድ መሻገሬን ትቼ እቆማለሁ። የሚያየኝ ሰው መኪና የፈራሁ ይመስለዋል።

ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ አንድ ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ አሰብ ወደብ ውስጥ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ “አቤት” የምለው በሹክሹክታ ነበር። አባቴ ክሬን ነጂ ነው። ከመርከብ የሚወርደውን ስንዴ በመረብ አንስቶ መሬት ያሳርፋል። እታች ቆሞ በፊሽካ የሚመራው ደግሞ የልብ ወዳጁ፣ ድሮ ዓሣ አስጋሪ የነበረ፣ በአሰብ አቅራቢያ ያለችው የበይሉል መንደር ሰው ነው። እኛ ልጆች “አሚ” እንለው ነበር፤ አጎቴ ማለት ነው። ረጅም ፊሽካ ከነፋ “ቁም” ማለቱ ነው።

ማታ ማታ ሙቀቱን ሸሽተን ደጅ አልጋ ላይ ስንቀመጥ አሚ ይመጣል። አባቴም ያቺኑ ተረት ያመጣታል።

“ሁለት ዕውሮች መንታ መንገድ ላይ ተገናኙ። አንዱ በዕውርነቱ አፍሮ፣ ‘መንገዱን ታውቀዋለህ?’ አለ። ሌላውም አፍሮ፣ ‘እንዴታ! ያዘኝ’ አለው። ዕውር ለዕውር ቢመራሩ ተያይዘው ገደል ገቡ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።”

“ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እኛ አገር ገደል የት አለ? ባሕር ገቡ በል!” ይላል አሚ። ሁልጊዜ ይሳሳቃሉ፤ እንዳልሰሙት ሁሉ።

እሑድ ማታ ግን አሚ ከሄደ በኋላ አባቴ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው። እናቴ ጮኸች።

“ዓይንህን ታይ እኮ አልኩህ! ሰው ላይ ታወርዳለህ!”

“ቀስ በይ” አላት። “ሞራ አለበት ከተባልኩ ከሥራ ወጣሁ። ቤቱም የወደቡ ነው፣ ወዴት እንሄዳለን? ደግሞ ምን ያሰጋሻል? እሱ ያይልኛል። እኔ ፊሽካውን ሰምቼ ማቆም ብቻ ነው።”

አንሶላዬን ተከናንቤ ሁሉንም ሰማሁ። እሱ ያይልኛል ሲል እኔም አመንኩት፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

በማግሥቱ፣ ያን ሰኞ፣ ትምህርቴ ከሰዓት ስለነበር የምሳ ዕቃ ይዤ ወደቡ ሄድኩ። ዘበኛው ስለሚያውቀኝ አሳለፈኝ። የናፍጣና የእርጥብ ጆንያ ሽታ አየሩን ሞልቶታል፤ ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። አሚ ፊት ቆሜ በእጄ ሰላም አልኩት። ዝም አለ።

“አሚ፣ ምሳ አምጥቼ ነው።”

“እንዴ! አንቺ ነሽ? ጥላ መስለሽኝ።” ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። “ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ይህ ብርሃን ዓይኔን በላው። ግን ግድ የለም፣ እሱ ከላይ ሁሉን ያያል። የሞተሩ ድምፅ ረገብ ሲል እነፋለሁ፣ እሱም ያቆማል።”

አስቡት እንግዲህ። አባቴ በልማድ ሞተሩን ሲያዘገይ አሚ ይነፋል፤ አሚ ሲነፋ አባቴ ያቆማል።  የምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ።

ቀና ስል መረቡ እየወረደ ነው። ከሥሩ አንድ ጫኝና አውራጅ ቁጢጥ ብሎ መሬት ላይ የፈሰሰ ስንዴ በቆቡ ይሰበስባል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ፊሽካውን ከነማንጠልጠያው ከአሚ አንገት ላይ ጎትቼ ነፋሁ። እስትንፋሴ እስኪያልቅ ነፋሁ።

መረቡ ቆመ። የሰውየው ጀርባ ላይ ጥላው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሰውየው ወደ ላይ አየና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ስንዴው ከቆቡ ተንዶ ፈሰሰ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ “ከስንዴው ጋር ሊያስፈጩህ ነበር!” አለው። 

አባቴ ከክሬኑ አንገቱን አወጣ። “ምነው? ምን አየህ?”

“እኔ?” አለ አሚ። “አንተ አይደለህም እንዴ የምታየው?”

“እኔማ አንተን ነው የምጠብቀው!”

“እኔም አንተን።”



ያን ዕለት ማታም አሚ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተረት የለም፣ ሳቅ የለም። አባቴ፣

“ለመሆኑ ማናችን ነበርን ከፊት?” አለ።

“ሁለታችንም ከኋላ ነበርን” አለ አሚ።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ያንን ተረት ሳስተምር ልጆቹ ገደሉ ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ። እኔ ግን ልቤ የሚቀረው መንታ መንገዱ ላይ ነው፤ አንዱ ደፍሮ “እኔም አላይም” ቢል ኖሮ እላለሁ። የወደቡን ቤት በዚያው ዓመት ለቀቅን። አሚም ወደ በይሉል ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

የዚያን ሰኞ ማግሥት ግን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ማንም ሳይጠይቀኝ ከፊት ሆኜ ሁለቱንም እውነቱን እንዲናገሩ ወደ አለቃቸው ቢሮ ወሰድኳቸው። አባቴ ትከሻዬን ይዟል፤ አሚ የአባቴን እጅጌ። ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁልን። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ፣ “ደረጃ አለ” አልኩ፣ በዚያች በሹክሹክታዬ።

አባቴ እግሩን አነሳና ወደ ኋላው ዞረ።

“ወንድሜ፣ ደረጃ አለ” አለው።