የቡ ላይ ዝናብ፣ ጨረቃ ላይ አቧራ

ባለፈው ኅዳር ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪዎች ፈተና ሳርም፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላዘዝኩትም። ራሴን ያገኘሁት ቀዩን እስክሪብቶ በጥርሴ ነክሼ፣ አንድ እግሬን ብቻ ተጫምቼ፣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ለቤት ብለው በራቸው ላይ ያሰጡትን ቡና በላስቲክ ስሸፍን ነው። እትዬ አስካለ ከበረንዳቸው ሆነው «ምነው ልጄ፣ ለአንድ ቁና ቡና እንዲህ መሮጥ!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ከላስቲኩ ሥር የወጣው ሽታ ግን እኔን አላሳቀኝም። ግማሹ የደረቀ እሸት ቡና ጠብታ ሲነካው የሚሰጠው፣ ጠጅ ጠጅ የሚል፣ መጨረሻው ላይ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ነው፤ ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት ገበያ ወይም ለቀማ ትዝ ይለው ይሆናል፣ እኔን ትዝ የሚለኝ ጨረቃ ነው።

ልጅ ሆኜ አባቴ የወረዳ ሠራተኛ ነበርና ጅማ አጠገብ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ የቡ፣ ተመድቦ ሐጂ አባ ፎጊ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሐጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ በሰፈሩ ሁለት ሰው ከተጣላ፣ የድንበር ይሁን የባልና ሚስት፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያልቀው እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። እኛ የጾሙን ቀን ስንቆጥር እነሱ የሶላቱን ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ከሥጋ በቀር ግን የማንጋራው ነገር አልነበረም። ከበረንዳው ፊት ለፊት እስከ ጓሮው አጥር ድረስ በእንጨትና በሽቦ የተሠሩ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፣ ኅዳር ላይ ቀያይ ፍሬ ሲሞላባቸው ግቢው በሙሉ ያንን ሽታ ይሸታል። በዚያ ወር አንድ ሕግ ነበር፤ ደመና ያየ ይጮኻል፣ ጩኸት የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሶላት ላይ ካልቆመ ወይም ምጥ ካልያዘው በቀር የሚቀር ሰው የለም፤ ዝናብ የመታው ቡና ይሻግታል፣ የሻገተ ቡና ደግሞ የዓመቱን ድካም ይዞ ይሄዳል።

የሐጂ ልጅ ዘይነባ የአስረኛ ክፍል ጓደኛዬ ነበረች። እኔ ወሬኛ፣ እሷ ዝምተኛ፤ እናቴ «ምላሳችሁን ብትካፈሉ ሁለታችሁም ሰው ትሆኑ ነበር» ትለን ነበር። የቡ ያለው ትምህርት ቤት ያን ጊዜ አስረኛ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ጅማ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ አለበት። ሐጂ ይህን ለልጃቸው አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። ዝም አሉ፣ የእሳቸው ዝምታ ደግሞ ከእምቢታ ይከብድ ነበር። በዚያ ላይ ቡናው ተሸጦ ሲያልቅ ለዘይነባ ሽማግሌ ይላካል የሚል ወሬ በሴቶቹ መሃል መዞር ጀምሯል፤ በቡና አገር ሠርግ የሚደገሰው ከሽያጭ በኋላ ስለሆነ እንዲህ ያለ ወሬ ዝም ብሎ አይወራም። ዘይነባ ይህን ከሰማች ወዲህ ጥፍሯን እስከ ሥጋው ትበላ ጀመር።

ሐጂ የሚሰሙት ሰው ቢኖር የበኩር ልጃቸውን ናስርን ብቻ ነበር። ናስር የምህንድስና ተማሪ ነው፤ በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ስለዘገየ ቤት ተቀምጦ ነበር፣ ግማሹ ፊደል ከተፋቀ ላፕቶፕና ጓደኛው በፍላሽ ከሰጠው ጨዋታ ጋር። ጨዋታው ነዳጅ ጋን፣ ሞተርና እግር እየመረጡ ሮኬት መገጣጠም፣ ጫፉ ላይ ዓይኑ የፈጠጠ አንድ ትንሽ ሰውዬ ማስቀመጥ፣ ወደ ሰማይ ማስወንጨፍና ከቻሉ ጨረቃ ላይ ማሳረፍ ነው። አለመቻልን ግን እኛ ነን የተካንበት። የመጀመሪያዋ ሮኬት ከተነሣችበት ሳትላቀቅ ፈነዳች፤ ሌላዋ ሰማይ ደርሳ ሐሳቧን እንደቀየረች ሁሉ ዞራ ባሕር ውስጥ ገባች፤ አንዷ ደግሞ ጨረቃን መዞር ከጀመረች በኋላ ነዳጅ አልቆባት ሰውዬው እዚያው ሲዞር ቀረ። ዘይነባ ለዚያ ሰውዬ አንድ ሳምንት አዘነች። «ስንቅ ይዟል ግን?» ብላ ናስርን ስትጠይቀው ናስር ከወንበር ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

ናስር ራሱም አሳርፎ አያውቅም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ሲጠጋ የጨረቃ አቧራ እንደሚያነሣ ይነግረናል፣ ግን እሱም የሚያወራው የሰማውን ነው፤ እኛ ሁላችን የምንደርሰው በፍጥነት ስለሆነ ከአቧራው በፊት እሳቱ ይቀድማል። ታዲያ አንድ ምሽት ዘይነባ እንደ ምንም ደፍራ ስለ ጅማው ትምህርት ለአባቷ እንዲነግርላት ለመነችው። እሱም አባቱን ይፈራልና መሸሻ ፈልጎ፣ «እኔ ከመሄዴ በፊት ጨረቃ ላይ ካሳረፍሽ ወላሂ እነግረዋለሁ» አላት። እየሳቀ ነበር። ዘይነባ ግን አልሳቀችም፤ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሰምተሻል አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ዘይነባ ቁልፎቹ ላይ፣ እኔ ከጎኗ ፍጥነቱንና ከፍታውን እንደ ወያላ እየጮኽኩ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። የአባቷን ቡና ወደ ጅማ የሚጭነው የአይሱዙ ሹፌር «ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም» ሲል ሰምታ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩን በአንዴ ከማንደድ ከላይ ጀምራ በትንሽ በትንሹ እየያዘች መውረድ ለመደች። የመጨረሻዋን ሮኬት ራሷ ሠርታ «ቅጥቅጥ» አለቻት፤ እኛን ጅማ በምታደርሰን፣ ብሎኗ ሁሉ በሚንኳኳው አሮጌ አውቶቡስ ስም ነው።

ከዚያ ጥሪው በቴሌቪዥን ተነገረ። ናስር በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ላፕቶፑን ይዞ ይሄዳል። እሱ ትኬት ሊቆርጥ ጅማ ወርዷል፤ ሐጂና ባለቤታቸው ሠራተኞቹን አስከትለው ሰቃ በምትባለው ከተማ ዘመድ ሞቶባቸው ለቀብር ሄደዋል። ሐጂ ከመውጣታቸው በፊት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ዘይነባን «ያ ኢንተላ፣ ሰማዩን ጠብቂ» አሏት፤ ኢንተላ ማለት ልጄ ሆይ እንደማለት ነው፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም ሰማይ ስንጠብቅ ዋልን። ችግሩ ሁለት ሰማይ መሆኑ ነው።

ቅጥቅጥ ጨረቃን ዞራ መውረድ ስትጀምር ጥቁር ደመና ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለ። የቡ ላይ መብራት ከዝናብ ቀድሞ ነው የሚሮጠው፤ ወዲያው ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪም ሲፈጥረው ደካማ ስለሆነ በስክሪኑ ጥግ ያለው ምልክቱ ቀይ ሆነ። ጨዋታውን ባለበት ማቆም ይቻላል፤ ግን መብራቱ እስከ ንጋት ካልመጣ፣ ያኔ ደግሞ አንዴ ከሄደ ለቀናት ይቀራል፣ ናስርም ላፕቶፑም ቃሉም አብረው ይሄዳሉ። ቡናው ከረጠበ ደግሞ ናስር ቢናገር ባይናገር የሐጂ መልስ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታ ዘይነባ አንዴ አልጋዎቹን፣ አንዴ ስክሪኑን አየች። ከዚያ እጄን ይዛ ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ይጨምራል፣ ይሄ ይቀንሳል። በማርሽ፣ እሺ?»

እኔ? የወያላውን ሥራ ብቻ የማውቀው? እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት እሷ የበረንዳውን አጥር ዘላ «ቦካን ዱፌ! ቦካን ዱፌ!» እያለች ትሮጣለች። ዝናብ መጣ ማለት ነው፣ በየቡ ይህን ቋንቋ የማያውቅ ጆሮ የለም። እናቴ እጇ ሽሮ እንደነካው ከማድ ቤት ወጥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ስትሮጥ፣ ዞር ብላ እኔን በተቀመጥኩበት አየችኝ። ያን ቀን የሰደበችኝን ስድብ ሁሉ አልጽፈውም፤ ቀለል ያለው «መቀመጫሽ ተሰፍቷል ወይ?» የሚለው ነበር። እኔም እውነት የተሰፋሁ ያህል አልተነሣሁም፣ እንባዬ ግን መጣ።

ፍጥነቱ ይጨምራል። ደንግጬ መጨመሪያውን ስጫነው ቅጥቅጥ ወደ ላይ ተመልሳ መውጣት ጀመረች፣ ነዳጁም ዓይኔ እያየ አሽቆለቆለ። ለቀቅኩ፤ እንደገና ወደቀች። ነፋሱ ላስቲኩን እየገለበጠ፣ እናቴ ድንጋይ እያነሣች፣ ዘይነባ በሆዷ ላስቲኩ ላይ ተኝታ ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ በአንድ ዓይኔ ይታዩኛል። ከልማድ የተነሣ ቁጥሮቹን ለብቻዬ መጮኽ ጀምሬያለሁ፣ ለማን እንደምጮኽ እንጃ። ባትሪው ሊዘጋ ነው ብሎ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ያን ጊዜ ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ ከዝናቡ ውስጥ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪደነግጥ ጮኸች።

«ቁጥሩን ተዪው! ጥላውን እዪ!»

አየሁት። አመድ በመሰለው መሬት ላይ አንድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ እያደገ ሄደ፣ እግር አወጣ፣ የቅጥቅጥ ጥላ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥር አላየሁም። ጥላው ሲሮጥ ትንሽ እጨምራለሁ፣ ሲዘገይ ትንሽ እቀንሳለሁ። ጥላውና እግሮቿ ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ከሞተሩ ሥር ነጣ ያለ ነገር ዙሪያውን ተነሥቶ እንደ ወንፊት ዱቄት ተበተነ። አቧራው ነበር። ለቀቅኩት። አንዴ ነጠር አለች፣ ወደ ግራ አዘመመች፣ ልትወድቅ ነው ስል ተመልሳ ቆመች። ሰውዬው ዓይኑ እንደፈጠጠ ሳቀ። «ዘይነባ! ነይ!» ብዬ ወደ አልጋዎቹ ዞርኩ፣ ስመለስ ስክሪኑ ጠቁሯል።

ዘይነባ ከእግር እስከ ራሷ ረጥባ በረንዳው ላይ ስትወጣ ያየችው ጥቁር መስታወት ውስጥ የራሷን ፊት ነው። አረፈች ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ከፊቴ አንብባው ይሆናል። የጠየቀችኝ «አቧራው ተነሥቶ ነበር?» ብላ ነው።

«ተነሥቶ ነበር» አልኳት፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ናስር ግን ሲመለስ አላመነም። አይፈረድበትም፤ እኔ ለእንቁራሪት ጅራት የምቀጥል ልጅ መሆኔን የቡ በሙሉ ያውቃል። «ያላየሁትን እንዴት ልመን?» አለ፣ ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ እኔ «ማርያምን! ማርያምን አርፋለች!» እያልኩ ደረቴን ስመታ ሐጂ ከዝናቡ ውስጥ ገቡ። በአልጋዎቹ መሃል አልፈው፣ ላስቲኩን ገለጥ አድርገው እጃቸውን እየሰደዱ ፍሬውን እየዳሰሱ ነበር የመጡት። ተቀመጡ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ አስረዱኝ አሉን። ጨረቃ፣ ሮኬት፣ ሰውዬ፣ ሁሉንም ፊታቸውን ሳይለውጡ ሰሙ።

«ቃል ሰጥተሃል?» አሉት ናስርን።

«ሰጥቻለሁ አባ፣ ግን ስታርፍ አላየሁም።»

«እኔም ቡናዬ ሲሸፈን አላየሁም» አሉ ሐጂ፤ «ደረቅ ሆኖ ነው ያገኘሁት።» ከዚያ እርጥብ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ «ይቺ ልጅ በእምነቷ ምላለች። ቃልህ ምን ነበር? በል፣ ይኸው አለሁ፣ ጠይቀኝ» አሉት። ናስርም አባቱ ፊት ቆሞ ስለ ጅማው ትምህርት ጠየቀ። ሐጂ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ኢንሻአላህ፣ ጅማ ትማር» አሉ።

በዓመቱ ዘይነባ ጅማ ገባች፣ የእኔም አባት ተዛውሮ ከየቡ ወጣን። ተለያይተን በተገናኘን ቁጥር፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ «አቧራው ተነሥቶ ነበር?» ትለኛለች፣ እኔም እንደ አዲስ እነግራታለሁ፤ እሷ ያየችው እስኪመስላት፣ እኔም የጨመርኩትንና ያየሁትን እስካልለይ። አሁን ባሌ ዞን ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ሐጂ አርፈዋል፣ አልጋዎቹ ፈርሰው ቦታው ላይ ቤት ተሠርቷል፣ ናስር የት እንዳለ ዘይነባን ስጠይቃት በየጊዜው የተለያየ ከተማ ትጠራልኛለች። ያቺን ማረፍ በዓይኑ ያየ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሊያያት የሚገባው ሰው ግን ላስቲክ ላይ ተኝቶ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእትዬ አስካለን ቡና የሸፈንኩ ለታ ማታ ለዘይነባ ደወልኩላት። ከበስተጀርባዋ ልጅ ያለቅሳል፣ በር ይንኳኳል። ዝናብ መጣና ሮጬ ቡና ሸፈንኩ አልኳት። የለመደችውን ጥያቄዋን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅኩ።

«ረጠበ?» አለችኝ።

«አልረጠበም።»

«ጎበዝ። በቃ ተረኛ ነኝ፣ ሰሞኑን እደውልልሻለሁ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» አለችና ዘጋችው። አቧራው ተነሥቶ ነበር ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።