ራስ ምታቴ የሚነሳባቸው ቀኖች

መጀመሪያ ከዓይኔ የጠፋብኝ የወንፊቱ ግማሽ ነው። በደርግ ጊዜ አብደራፊ፣ የመንግሥት እርሻው መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ሳበጥር፣ በግራ በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ብርሃን መጣብኝ። ቆይቶ ግማሽ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። አስመለሰኝ። ብርሃን ጠላሁ። የምታወር መሰለኝ።

ባለቤቴ አዱኛ ትራክተር ነጂ ነበር፤ መለዋወጫ ሊያመጣ በየጊዜው መተማ ይወርዳል። ሲመለስ ያስታምመኛል። እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ሊያደርግልኝ ጎንበስ ሲል ይብስብኛል። ያኔ እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር እያልኩ አመሰግን ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ መኮንን ሕመሙ ማይግሬን እንደሚባል ነገሩኝ። እናቴንም እንዲሁ ያማት እንደነበር ስነግራቸው፣ “ሥሩ ከዘር ነው ልጄ” አሉኝ። “ቀስቃሹ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ፈልጊ።” ከሕመሙ በፊት ያደረግሁትን ሁሉ እንድጽፍ አዘዙኝ። በመሠረተ ትምህርት የለየሁት ፊደል ለዚህ ጠቀመኝ።

ሦስት ወር ጻፍኩ። እህል ሳልቀምስ የዋልኩበት ቀን ያመኛል። እንቅልፍ ያጣሁበት፣ ቀትር ላይ ያለ ጥላ የሄድኩበት ቀን ያመኛል። ምክንያት ያጣሁላቸው ቀኖችም ነበሩ። ጋሼ መኮንን እነዚያን በጣታቸው እየነኩ “በዚህ ቀን ቤት ማን ገባ?” አሉኝ። አዱኛ ነበር፣ ከመተማ። “በዚህኛውስ?” አዱኛ። “ሽታም ይቀሰቅሰዋል፤ ሲገባ ምን ይሸታል?” አሉኝ።

የሱዳን ሽቶ። ነጋዴዎቹ ረጩብኝ ብሎኝ አምኜው ነበር።

ማታውኑ ጠየቅሁት። አልካደም። መተማ ሌላ ቤት አለው። ሴት አለችው። ልጅ አለው።

“ራስሽን እያመመሽ እንዴት ልንገርሽ?” አለኝ።

የከዳኝም፣ ሕመሜን ለክህደቱ ሰበብ ያደረገውም አንድ ሰው ነው። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ተለያየን። ከዚያ ወዲያ አፌን አሟሽቼ ሥራ እየገባሁ፣ በሰዓቱ እየተኛሁ፣ ሻሼን ከፀሐይ እንዲከልለኝ ዝቅ አድርጌ እያሰርኩ፣ ብርሃኑ ሲጀምረኝም ጋሼ መኮንን የሰጡኝን ክኒን ቶሎ ውጬ ጨለማ ቤት እየተጋደምኩ፣ ሕመሙ እየራቀ እየራቀ ሄደ። የነፍስ አባቴም የጾሙን ሰዓት አሳጠሩልኝ። ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም። ጎረቤት “ባልሽ ነው ያሳመመሽ” ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ቀሰቀሰው እንጂ አላመጣውም።

የጋሼ መኮንንን ነፍስ ይማር። እንደኔ የምትታመሙ፣ ክኒን ከመቁጠራችሁ በፊት ቀናችሁን ጻፉ፤ ለሐኪምም አሳዩ። የምትወዱትን ሰው ሳትዘሉ ጻፉ። እኔ ባሌን ከደብተሩ ያስቀረሁት አስታማሚዬ ነው ብዬ ነው።