የዓርብ ወተት በደምበጫ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ከገጠር የመጣላትን ወተት በቅል አድርጋ ላከችልኝና ክዳኑን ስከፍት የወይራ ጢስ ሽታ ፊቴን ሞላው። የልጅ ልጆቼ "ጢስ ጢስ ይላል" ብለው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ምን ያድርጉ፣ የካርቶን ወተት ነው ያሳደጋቸው። እኔ ግን ቅሉን እንዳቀፍኩ ይህን ሁሉ ዕድሜ ጥዬ ደምበጫ፣ እማማ ሞሚና ሱቅ ውስጥ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ቆምኩ።

ጣሊያን አገሩን የያዘ ጊዜ ነው። እናቴ ሞታለች፣ አባቴ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል፤ ጣሊያኖቹ ደግሞ እኔን መያዣ አድርገው አባቴን "እጅህን ስጥ" ሊሉበት በየቤቱ ይፈልጉኛል። አባቴ ከመሸፈቱ በፊት ጨው ይገዛ ከነበረበት ቤት፣ ከነጋዴዋ ከእማማ ሞሚና ዘንድ በአደራ ተቀመጥኩ። ማተቤ ወልቆ ጨሌ ታሰረልኝ፣ ስሜም ዘሃራ ሆነ። የአንዲት ዶሮ መጥፋት ሳምንት ሙሉ የሚወራባት ያቺ ትንሽ ከተማ ምስጢሬን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፤ ግን በእኔ ነገር ሁሉም አፉን ለጎመ።

እማማ ሞሚና እስላም ይሁኑ እንጂ ለክርስትናዬ ከወለደችኝ እናቴ ይልቅ ጥብቅ ነበሩ። እሳቸው ያረዱትን ሥጋ አያቀምሱኝም፤ የክርስቲያን ሥጋ ከነፍስ አባቴ ከየኔታ ቤት ተሸፋፍኖ እስኪመጣ ጠብቀው፣ ለእኔ ብቻ በተለየች ትንሽ ድስት ይሠሩልኛል። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ወተቱን እጄ ከማይደርስበት ይሰቅሉና "የአደራ ልጅ ይዤ ጾም አላስገድፍም" ይላሉ። የኔታም ቢሆኑ ዋዛ አልነበሩም፤ ዓርብ ቀን ቅቤ የተቀባ ጠጉር እንኳ ሲያዩ ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ነበሩ።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሱቁ በገበያተኛ እንደተሞላ፣ ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ሁለት ወታደር አስከትሎ ገባ። ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ አያውቀኝም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሸቶታል። ጨሌዬን በጣቱ አነሳና፣

"ልጅሽ ናት?" አላቸው እማማ ሞሚናን።

"ልጄ ናት።"

"እንግዲያው ወተት ስጫት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ የእስላም ልጅ ከሆነች ትጠጣለች።"

እማማ ሞሚና ወተቱን ከሰቀሉበት አውርደው በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። እኔ ሞኟ፣ ዓርብ ወተት እንዳልነካ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ ጣሳውን ይዤ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። አፌ አልከፈት አለ። ይኼኔ ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በአንድ ጊዜ ተንጫጩ፤ አንዷ "ያስታውካታል" ስትል ሌላዋ "ገላዋን ያሳክካታል"፣ ሦስተኛዋ "ስለት አለባት" አለች። በአንዲት ልጅ ላይ ይህን ሁሉ ሰበብ የሰማው ባንዳ ፈገግ አለና ክንዴን ያዘ።

ከበሩ ጥግ ጨው ሊገዙ የመጡት የኔታ ነበሩ ወደፊት የወጡት። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደቅ አድርገው፣

"አንቺ የሞሚና ልጅ! ዓርብ የኛ ጾም ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ? እናትሽ የሰጠችሽን ጠጪ!" ብለው ጮኹብኝ።

ጠጣሁት። እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ባንዳው አንዴ እኔን፣ አንዴ እኚያን ቁጡ ቄስ አየና ክንዴን ለቆ ወጣ።

ሲሄዱ ጓሮ ገብቼ ሲኦል ልገባ ነው ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። የኔታ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉና "አታልቅሺ ልጄ፤ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፣ ቀኖናውን እኔ እጾመዋለሁ" አሉኝ። አርባ ቀን ጾሙልኝ። የሚገርመው እማማ ሞሚናም ያን ሰሞን ወተት የሚባል አልቀመሱም፤ "እርስዎን ምን አገባዎት?" ሲሏቸው "ታዲያ የቀዳሁላት እኔ አይደለሁም?" አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ተረት ሰው ሲጠቅሰው በሰማሁ ቁጥር እነሱ ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት።

ጣሊያን ሲወጣ አባቴ ጎፈሬውን እንዳንጨፈረረ መጣና አቅፎኝ ሲያበቃ "ልጄን ያተረፈልኝ ማነው? ውለታውን ልመልስ" አለ። እማማ ሞሚና "የኔታ ናቸው" አሉ። የኔታ "ሞሚና ናት" አሉ። ሴቶቹም እርስ በርሳቸው ተጠቋቆሙ። ያ ስንት ጦር ያየ ሰው የሚያመሰግነው ቢያጣ መሐል መንገድ ላይ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ።

አምና ሄጄ ነበር። ሱቁ የለም፤ የእነዚያን ሰዎች ስም የሚያውቅ አንድም ወጣት አላገኘሁም። የአባቴን ጀግንነት አገር ያወራዋል፤ የእነሱን ግን ከእኔ በቀር የሚያወራ አልቀረም፣ እኔም ብሆን መሄጃዬ ደርሷል። ይህ ያንገበግበኛል። ቢሆንም በመመለሻዬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ "እማማ፣ የማን ልጅ ነዎት?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ የጀግናው አባቴ ስም አፌ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ቀና ብዬ "የደምበጫ" አልኳት።