የሦስተኛው ገንዳ አባ ሆራ

ያን ማለዳ ዲኖ ጃርሶ ከሦስተኛው ገንዳ ዳር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ዓይኑን አሸ። ጉም መስሎት ነበር። የጎባ ጉም በሐምሌ የማይመስለው ነገር የለም፤ ሰው ይመስላል፣ ቤት ይመስላል፣ የጭድ ክምር ይመስላል። ይሄኛው ጉም ግን ቀንድ ነበረው። ጭራም ነበረው። ደግሞም ይጠጣል!

ዐሥራ አንድ ላምና አንድ ወይፈን የእሾህ አጥሩን ጥሰው ገብተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሐኪም ቤቱን እጣቢ ይምጉታል።

«ያ ረቢ!» አለ ዲኖ።

መጀመሪያ የተሰማው ድንጋጤ ነው። ቀጥሎ የተሰማውን ለማንም አልተናገረም፤ ደስ አለው። ሁለቱ ተደበላልቀውበት ዱላውን እንዳነሣ ሳይሰነዝረው ቀረ።

ዲኖ ከብት የነበረው ሰው ነው። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት በሆነች ማግሥት ወረርሽኝ ገብቶ በረቱን ባዶ አደረገበት። በዚያው ሰሞን አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ፣ በመኪናው መንገድ ዳር ከነበረው ትንሽ ሐኪም ቤት ጀርባ ገንዳ ያስቆፍር ነበርና ዲኖ አካፋ ይዞ ተቀጠረ። ቁፋሮው ሲያልቅ የገንዳዎቹ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ከግቢው ጥግ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠው። ከሚስቱ ከሞሚና ጋር የሚኖሩት እዚያ ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ መግቢያ የላቸውም።

የገንዳዎቹ ነገር እንዲህ ነው። ከልብስ ማጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱና ቁስል ከሚታጠብበት ክፍል የሚወጣው ውኃ በቦይ መጥቶ አንደኛው ገንዳ ይገባል፤ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል። ከላይ የጠለለው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያ ኖራ ይጨመርበታል። ሦስተኛው ሲደርስ ደመናን እንደ መስታወት ያሳያል። ከዚያ ወርዶ የባሕር ዛፍ ችግኝ ያጠጣል። ባሕር ዛፉ ደግሞ ሲደርስ ተቆርጦ የልብስ ማጠቢያውን በርሜል ያፈላል። ውኃው ዞሮ ዞሮ እዚያው!

ዲኖን ግራ ያጋባው ይሄ ነው። መሐንዲሱ ሊሄድ ዕቃውን ሲጭን ጠይቆት ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሄን ውኃ ነጃሳው፣ እርኩሱ፣ የሚለቀው የቱ ጋ ነው? ሁለተኛው ላይ ነው ወይስ ሦስተኛው?»

መሐንዲሱ ብዙ ተናገረ፤ በእጁም ብዙ አሳየ። አስተርጓሚው አሳጠረና «ቀስ በቀስ ነው» አለው።

ቀስ በቀስ! ዲኖ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የሚታጠብ ሰው ነው። ለሱ ውኃ ወይ ንጹሕ ነው ወይ አይደለም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ተክለማርያም ግን ምንም ግራ አልገባቸውም። ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ «ዲኖ፣ ሁለት ነገር ያዝ» አሉት። «አንደኛ፣ ሁለተኛው ገንዳ መድኃኒቱን ሳያገኝ አንድ ቀን እንዳይውል። ሁለተኛ፣ ከዚህ ውኃ ሰውም ሆነ ከብት ከቀመሰ ሥራ የለህም። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

በሐምሌ መጀመሪያ የኖራው ጆንያ ተሟጠጠ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መኪና የት ጭቃ እንደያዘው የሚያውቅ የለም። አቶ ተክለማርያም ለሥራ ጊኒር ወርደዋል። ዲኖ ሁለት ቀን ባዶውን ጆንያ አራገፈ። በሦስተኛው ቀን ማሰብ ጀመረ። ይሄ የታመመ ውኃ ነው። መድኃኒቱ ነጭ አፈር ነው። ነጭ አፈር ደግሞ እሱም ያውቃል! አባቱ ከብት እየነዱ ይወርዱበት የነበረው ሆራ፣ ያ ጨዋማ ምንጭ፣ ዳር ዳሩ ነጭ አፈር ነው። ሆራ የጠጣ ከብት ሆዱ ይጠራል፣ ጠጉሩ ይወለወላል፣ ወተቱ ይበዛል። ከብት የሚያድን አፈር ውኃ ማዳን እንዴት ያቅተዋል?

አህያ ተውሶ ሦስት ጆንያ አመጣ። ሁለቱን ሁለተኛው ገንዳ ውስጥ ነሰነሰ፣ አንዱን ለመጠባበቂያ ቤቱ ጥግ አስቀመጠ። አፈሩ ሲረጋ ውኃው ጥርት አለ። ዲኖም የዚያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ አረማመዱ የመሐንዲስ ነበር።

ከብቶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ግን ሁለቱን ነገር አላገናኘም።

ያን ማለዳ ከላሞቹ ኋላ ባለቤታቸው ኦቦ ዘይነዲን ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ዲኖ?» ብለው ሰላምታ ሰጡት።

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። አባቴ፣ ከብቶቹን ያስወጡልኝ! ይሄ የሐኪም ቤት እጣቢ ነው!»

«እጣቢ?» ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና ላሱት። ከብትም ቀመሰ፣ ሰውም ቀመሰ! «ልጄ፣ እኔ ሆራ ስቀምስ ነው ያረጀሁት። ይሄ ሆራ ነው።»

«ኧረ ሆራ አይደለም!»

«ታዲያ የሆራ ጣዕም ከየት መጣለት?»

ዲኖ አፉን ከፈተ። ጆንያው ትዝ አለው።

«አባቴ... እኔ ነኝ...»

«አንተ ነህ እንጂ ያገኘኸው! ሌላ ማን አለ? ከዛሬ ጀምሮ አባ ሆራ ነህ።»

አባ ሆራ ማለት የሆራው አለቃ ነው፤ ለከብቱ ተራ የሚሰጥ፣ ሲመጣ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣለት። በረቱ ባዶ ለቀረ ሰው እንዲህ ያለውን ስም መመለስ ወላሂ ከባድ ነው።

በማግሥቱ ሃያ ከብት መጣ። በሦስተኛው ቀን ዐርባ። ዲኖ ማለዳ ማለዳ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ይወጣል፤ «አባ ሆራ!» ብለው ሰላምታ ሲሰጡት ዱላውን አንሥቶ ተራ ያስይዛል። አንዱ ቅቤ አመጣለት። የልብስ ማጠቢያዋ አለቃ አሰገደች በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እኔ ዓመቱን ሙሉ አንሶላ የማጥብ መስሎኝ፣ ለካ ሆራ ነበር የማፈልቀው!» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!»

«ዝም የምለው ቅቤውን ስታካፍለኝ ነው።»

ቤት ሲገባ ሞሚና ቅቤውን አልነካችውም።

«ንገራቸው» አለችው።

«ብነግራቸው አቶ ተክለማርያም ጆሮ ይደርሳል። ቤቱስ?»

«የኛ በረት ባዶ የቀረ ዕለት ምን ነበር ያልከው? በሽታው ላይኛው ሰፈር መግባቱን ያወቀ ሰው ለምን አልነገረኝም፣ አላልክም?»

ብሏል። እያለቀሰ ነው ያለው።

በአምስተኛው ቀን አቶ ተክለማርያም ከኖራው መኪና ጋር ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረሱ። ገንዳው ዳር ዐርባ ከብት አዩ። ሽማግሌዎች በክብር ተቀምጠው፣ ዲኖ በዱላው ተራ ሲያስይዝ አዩ።

«ዲኖ! ይሄ ምንድነው?»

ዲኖ አንድ ጊዜ ወደ ኃላፊው፣ አንድ ጊዜ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። ከዚያ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው፤ ኖራው ማለቁን፣ አፈሩን፣ አህያውን፣ ቅቤውንም ሳያስቀር። ሆራው ሆራ አይደለም።

ኦቦ ዘይነዲን ምራቃቸውን ተፉ፤ ደግመው ተፉ።

«የሰው ቁስል የታጠበበትን ነው ያጠጣኸን?»

«ቀስ በቀስ ይለቃል ይላሉ፣ አባቴ» አለ ዲኖ። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። የላሞቹ ወተት ዐሥር ቀን እንዲደፋ፣ ከብቶቹም እንዲጠበቁ አዘዘ። አቶ ተክለማርያም ገብተው የስንብት ደብዳቤውን ጻፉ። «ነገ ቤቱን ትለቃለህ።»

በማግሥቱ ሞሚና ድስቶቹን በአንሶላ ስትቋጥር፣ ዲኖም የበሩን መቃን እንደ እንግዳ ነገር ሲያይ፣ ከጀርባ ጩኸት ተሰማ። ከብቶቹ መጥተዋል! ወተታችሁ ይደፋል፣ ሆራችሁ ሆራ አይደለም ብሎ የነገራቸው የለማ። አዲሱ ጠባቂ መሸሻ፣ የቀድሞ ወታደር፣ ፊሽካ ይነፋል፤ ከብቶቹ አጥሩን በሌላ በኩል ጣሱት። ኦቦ ዘይነዲን የገዛ ላማቸውን በስሟ ይጠራሉ፤ ዘወር ብላም አላየቻቸው። ችግኙ ተረገጠ፣ ቦዩ ፈረሰ። አቶ ተክለማርያም ካፖርታቸውን ሰብስበው ሲከላከሉ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ።

ዲኖ ሦስተኛውን የሆራ አፈር ጆንያ ከቤቱ ጥግ አነሣ። ከከብቶቹ ፊት ቆሞ ጥቂት በተነላቸው። ከዚያ አባቱ ወደ ሆራ ሲወርዱ የሚያዜሙትን ዜማ ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ተስተካከለ። የኦቦ ዘይነዲን ላም ቀና አለች። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ዐርባው ከብት ጆንያ የተሸከመውን ሰው ተከትሎ ከግቢው ወጣ፤ ኦቦ ዘይነዲንም ከኋላ ተከተሉ።

እስከ እውነተኛው ሆራ አድርሷቸው ከሰዓት በኋላ ሲመለስ፣ አቶ ተክለማርያም ከደረጃው ላይ ተቀምጠው ጭቃቸውን በእንጨት ይፍቁ ነበር።

«ነገም ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ ጌታዬ። ከነገ ወዲያም።»

«መሸሻ ይመልሳቸዋል?»

ዲኖ ወደ ፈረሰው አጥር ተመለከተ። ፊሽካው ጭቃ ውስጥ ተረግጦ ይታያል። አቶ ተክለማርያም ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት።

«እንግዲያው ሦስት ነገር ያዝ» አሉት። ሦስተኛው ከብቶቹን ሆራቸው ማድረስ ነበር። ሞሚና ድስቶቹን ፈታች።

በዐሥሩ ቀን አንድም ከብት አልሞተም። ኦቦ ዘይነዲን ግን አባ ሆራ ማለቱን ትተው «አንተ» ይሉት ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሣር ጢም ብሎ በቀለ። ሐኪሙ፣ ታጭዶ በደንብ ከደረቀ ለከብት ይሰጥ አለ። ዲኖ ማጭዱን ይዞ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ውኃውን አይጠጡ፤ ውኃውን የጠጣውን ሣር ግን ይብሉ?»

«ይብሉ» አሉ አቶ ተክለማርያም።

«ታዲያ ሣሩ ውስጥ የቱ ጋ ነው...»

«ዲኖ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ገባኝ።»

አልገባውም። አጭዶ አደረቀውና የመጀመሪያውን ሸክም ለኦቦ ዘይነዲን ላም ወሰደላት። ሽማግሌው ቆመው አዩ፤ እሱም ቆሞ አየ። ላሟ አንድ ጊዜ አሸተተችና መብላት ጀመረች። እሷ ምንም ግራ አልገባትም።