ማዶ የሌለው ባሕር

አስረስ መላ አያጣም ይባል ነበር። ርብ ሞልቶ ነጋዴው ሁሉ ከወንዙ ዳር ሲቆዝም ጭነቱን የሚያሻግርበትን ዘዴ የሚያመጣ እሱ ነው። በቅሎ ገደል ስትገባም የሚጠራው እሱ ነው። መንደሩ ከጣራ ገዳም ወዲህ፣ የፎገራ ሜዳና የጣና ውኃ ቁልቁል ከሚታዩበት አፋፍ ላይ ነበር። ከይፋግ ደብረ ታቦር አሞሌ ጨው እየጫነ ሲመላለስ ነው የጎለመሰው። መላ አያጣም መባሉን ይወደው እንደነበር መደበቅ አያስፈልግም፤ ሲያወድሱት ሌላ የሚያይ መስሎ ጢሙን ይጎትት ነበር።

ነገሩን የጀመሩት እናቱ እማሆይ አመተማርያም ናቸው። ከመነኮሱ ወዲህ "ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም አልሞትም" ማለት አበዙ። እህቱ ውዴ ግን አሻፈረኝ አለች።

"እማሆይን ለማናውቀው ውኃ አሳልፌ አልሰጥም! ውኃ ቢበላቸው ማን ይነግረናል?"

አስረስ መላ አገኘ። በእነሱ መንደር ሰው ጣናን በታንኳ ሲሻገር፣ ማዶ እንደደረሰ እርጥብ ቅጠል እሳት ላይ ጥሎ ያጨሳል። ወዲህ የቀረ ዘመድ ጢሱን አይቶ "ተመስገን" ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

"እማሆይ ማዶ ደርሰው ያጨሳሉ፤ እኔም ጢሱን አይቼ እመለሳለሁ" አለ።

ውዴ በመጨረሻ እሺ አለች። "ጢሱን ሳታይ ብትመለስ ግን፣ ወንድምዓለም፣ ዓይንህን አላይም" አለችው። ከሦስቱ አንዳቸውም ከጣና ሌላ ባሕር አይተው አያውቁም ነበርና ባሕር ሁሉ ማዶው የሚታይ መስሏቸዋል። እኛስ በእነሱ ቦታ ብንሆን?

አስረስና እማሆይ ቁልቁለቱን ጨርሰው ምጥዋ ወደብ ሲደርሱ ሙቀቱ ወላፈን ነበር። ባሕሩ ግን፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ውብ ነው። አሸዋው ነጭ፣ ውኃው አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማያዊ፣ ዛጎሉ እንደ ተዘራ ገብስ የተበተነ። አስረስ በቅሎውን ውኃ ሊያጠጣ ወሰዳት፤ እሷ አሽትታ ፊቷን አዞረች። "ምን ያኮራሻል?" ብሎ ራሱ ተጎነጨና እንትፍ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ጨው ሲጭን የኖረ ሰው ጨው ጠጣ።

እማሆይ እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። "ለዚህ ሁሉ ጨው አንድ በቅሎ አይበቃህም፣ ልጄ!"

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ያለ ነገር አይደለም።

"ማዶው በየት በኩል ነው?" ብሎ አንዱን ነጋዴ ሲጠይቅ ሰውየው እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋለት። አስረስ ቢያይ ቢያይ ሰማይ ብቻ ነው። "ጉም ነው፣ ነገ ይገፈፋል" አላቸው ለእማሆይ። እሳቸውም አመኑት፤ መቼ መላ አጥቶ ያውቃልና።

በማግሥቱ ተሳላሚዎቹን የምትወስደው ጀልባ ተነሣች። እማሆይ ከአገራቸው የያዙትን የጭራሮ እስር አቅፈው ተሳፈሩ። "በሰው አገር እንጨት ማን ይሰጠኛል?" ብለው ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውት ነው የመጡት። ከጀልባዋ ሆነው ጭራሮውን ከፍ አድርገው አሳዩት።

ጉሙ አልተገፈፈም፤ ጉም አልነበረማ! አስረስ ጀልባዋን በዓይኑ ተከተላት። አነሰች፣ አነሰችና ከሥሯ ትዋጥ ጀመር። መጀመሪያ ሆዷ ጠፋ። ቀጥሎ ሸራዋ እስከ ወገቡ። በመጨረሻ የሸራው ጫፍ እልም አለ።

"ሰጠመች! ኧረ በወላዲቱ፣ ሰው አድኑ!" እያለ ከነልብሱ እስከ ደረቱ ባሕር ገባ። ዋና አያውቅም።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ክንዱን ይዞ አወጣው። ደጋ ለንግድ ሲመላለስ አማርኛ የለመደ ሰው ነበር። የቀሩት ይስቃሉ።

"አልሰጠመችም" አለው፤ "ከውኃው ወዲያ ሄደች እንጂ። ጀልባ ሁሉ የሚጠፋው እንዲህ ነው።"

"በዓይኔ አይቼ! ውኃው ሲውጣት!"

"እኔንም በየቀኑ ይውጠኛል። ማታ እመለሳለሁ።"

"ማዶውስ? ከየት ሆኜ ነው የማየው?"

ሽማግሌው አሁን አልቀለደም። "ማዶ አለው፤ አይታይም እንጂ" አለው።

አስረስ ማመንም አለማመንም አቃተው። ጢሱ ከዚህ ባይታይ ከሌላ ዳርቻ ይታይ ይሆናል ብሎ ጠረፉን ይዞ ሄደ። ሕርጊጎ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ዙላ። መሬቱ ወደ ባሕሩ በገባበት ሁሉ ጫፉ ላይ ይቆማል፤ ኮረብታ ሲያገኝ ይወጣል። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ቀልቶ ውኃው ወርቅ ሲመስል ዓይን አይጠግበውም ነበር፤ እሱን ግን ውበቱ አናደደው። የሰው እናት ወስዶ እንዲህ ማማር ምን የሚሉት ነው? የርብን ሙላት በገመድ የረታ ሰው፣ ገመድ የማይታሰርበት ነገር ገጠመው። በመጨረሻ በቅሎዋ በሙቀቱ ሞተች፣ እሱም በንዳድ ወደቀ። የአገሩ ነጋዴዎች አግኝተው እንደ ዕቃ ጭነው ደጋ አወጡት።

ውዴ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

"ጢሱን አየህ?"

"ማዶ የለውም።"

"ማዶ የሌለው ውኃ የት አገር አለ?" ብላ ቁልቁል ጣናን አሳየችው።

ውዴ ዓይንህን አላይም ያለችውን አልፈጸመችውም፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነችለትም። ከኢየሩሳሌም የተመለሱ መነኮሳትን እየተከተለ ጠየቀ። አየኋቸው የሚል ጠፋ፤ ሞተዋል የሚልም ጠፋ። በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የንጉሡ የብረት ማቅለጫ ጢስ መነሣት ሲጀምር፣ ገበያ ሲወጣ ጢሱን እያየ ልቡ በከንቱ ይዘልበት ነበር።

አንድ እሑድ የደብሩ ቄስ መምሬ ዘውገ ከቅዳሴ በኋላ አስቆሙት።

"የእማሆይን ስም ከሕያዋን ጋራ ልጥራው ወይስ ካረፉት ጋራ? ተዝካራቸውስ ምን ይሁን?"

"በሕይወት ሳሉ ተዝካር ባወጣ ሟርት፣ ሞተው ባላወጣ ግፍ" አለ አስረስ። "ሲሰጥሙ አይቻለሁ፣ አባቴ። አልሰጠሙም ደግሞ ይሉኛል። እስቲ አንቱ መላ ይስጡኝ።"

መምሬ ዘውገ መስቀላቸውን አሳለሙትና ሄዱ።

ቤቱ ሲደርስ ውዴ የለችም። አፋፉ ላይ ጭራሮ ከምራ እሳት ስታያይዝ አገኛት።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ለእማሆይ እኮ ማዶው እኛ ነን" አለች ቀና ሳትል። "እሳቸውም ቆመው የእኛን ጢስ እየፈለጉ ቢሆንስ?"

ነፋሱ ጢሱን ገፍቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ዝቅ አደረገው። ከታችኛው መንደር እንኳ የሚታይ አልነበረም። አስረስ ይህን አየ። ባሕሩንም አይቷል፤ ምን ያህል እንደሚርቅ ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቃል። አልነገራትም። ጎንበስ ብሎ እርጥብ ቅጠል ጨመረበት።