በባሕሩ ዳር የያዝኩት መርዶ

ሦስታችንም የወረታ ሰዎች ነን። ማኅበር አብረን የምንጠጣ፣ ልጆቻችንን ድረን እርሻውንም ለእነሱ የለቀቅን ሽማግሎች። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ኋላ አሮጌ ሚኒባስ ገዛና ወንበሩን ነቃቅሎ ፍራሽ አነጠፈበት፣ ቡታጋዝና ጀሪካን አስገባበት፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። «ይኸው ቤት፤ ግቡና ባሕሩን ዞረን እንየው» አለን። ጣናን ባሕር ነው የምንለው። ፎገራ ላይ በየክረምቱ ውሃው እርሻችን ድረስ እየመጣ ኖረናል፤ በወዲያ በሰሜን በኩል ዳሩ ምን እንደሚመስል ግን አንድ ቀን ሄደን አላየንም።

ሌላው ሚዜዬ ነው። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ሩዙ ተወቅቶ ከገባ በኋላ በጥር ተነሣን። ይፋግ ስንደርስ ሚዜዬ «እህቴን አንድ አፍታ ልያት፤ ጉንፋን ይዟት ሰንብቷል» አለ። እናታቸው ስትሞትባቸው አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

«እህትህ ቤት ገብቶ ሳይበላ የሚወጣ አለ? ቀኑ ይሄድብናል። ስንመለስ ታያታለህ።»

«እሺ፣ ስንመለስ» አለ። ወደ ቤቷ የሚያስገባውን መንገድ በመስኮት እያየ አለፈ።

ከአዘዞ ቁልቁል ወርደን ጎርጎራ አደርን፤ ከዚያ ወደ ደልጊ አቀናን። አስፋልቱን ከለቀቅን ወዲያ ሰውም ቤትም እየሳሳ ሄደ። በአንድ ወገን ደንገልና ውሃ፣ በአንድ ወገን ቁጥቋጦ። ማለዳ ጉማሬ ሲያናፋ እንሰማለን። መኪናው አቀበት ላይ በጨሰ ቁጥር ሚዜዬ «በሬ እንኳ ሲደክመው ይተኛል እንጂ አያጨስም» እያለ ሾፌሩን ያበሽቀዋል። እንደዚያ የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ብቻዬን ጉብታ ላይ ወጣሁ። ሚዜዬ ስልክ አይዝም። ወዲያው የእሱ ልጅ ደወለ።

«አባባ፣ አክስቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች። አባቴ ይድረስ ብለን ቀብሩን ለነገ አራት ሰዓት አቆይተነዋል። እንዴት እንደሚነግሩት እርስዎ ያውቃሉ፤ ብቻ ያድርሱልን።»

አውቃለሁ ብዬ ነው የወረድኩ። በእኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። በማለዳ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ሰውየው ቤት ይሄዳል፤ ግራና ቀኝ የሚይዘው ይዘጋጃል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ሾፌሩን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት።

«ንገረውና እንነሣ» አለ። «አሁን ብንወጣ አዘዞ አድረን በጠዋት ይፋግ ነን።»

«መርዶ በበረሃ? ማን ይይዘዋል?»

«እኔና አንተ! ምን አነስን?»

«አላደርገውም። ዘመድ ባለበት ይረዳል። አንተም ትንፍሽ ብትል ከማኅበሩ እወጣለሁ።»

«አይ አንተ! ድንጋይ!» ብሎኝ ሄደ።

ሚዜዬ ቡታጋዙ ላይ ሽሮ ጥዷል። «ሆዴን ቆረጠኝ፤ አሁኑኑ ወደ አገራችን እንመለስ» ብዬ ዋሸሁት። ዘሎ ዕቃውን የሚጭን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቡታጋዙን አጠፋና ፍራሹን አስተካክሎ ጋቢውን ደረበልኝ።

«በዚህ መንገድ? እያንገጫገጨ አንጀትህን ሊበጥሰው! ተኛ።»

«እንሂድ እያልኩህ!»

«ዝም በል፣ አንተ ግትር። የሠርግህ ለትም ሆዴን ብለኸኝ ነበር፤ ያኔም አልሞትክ።»

እዚያው አደርን። ሲነጋ ዓሣ አጥማጆች ጠይቆ ጠበል ያለበትን አወቀ። በባዶ ሆዴ ክንዴን በትከሻው ላይ አድርጎ ያን ሁሉ ዳገት ወሰደኝ። በገዛ እጁ አጠመቀኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ በነጠላው አደረቀኝ። ሾፌሩ ከዳር ቆሞ በዓይኑ ይበላኛል። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ሦስት ጊዜም ዘግቼዋለሁ። ወጉ ብቻ አይደለም የያዘኝ። አንዴ አላደርገውም ብያለሁ፤ ያልኩትን ማጠፍ አላውቅበትም። እውነቱ ይኸው ነው።

«ቀለለህ?» አለኝ።

«ቀለለኝ።»

ይፋግ የገባነው ፀሐይ ካዘነበለች በኋላ ነው። እህቱ ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ከቀብር የተመለሰው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ሚዜዬ መኪናው ሳይቆም ወረደ። ማንም አላረዳውም፤ ድንኳኑ አረዳው። ግራና ቀኝ የሚይዘው ያልኩት ዘመድ ሳይደርስለት መንገዱ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ልጁ «ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ለአባባ ደውዬ ነበር እኮ» አለው። ሚዜዬ ወደ እኔ መጣ።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«በወጉ ይሁን ብዬ…»

«የእኔ እህት ናት እኮ። ሞቷን ለምን ያዝክብኝ?»

አጥፍቻለሁ የምትለዋን ቃል ከአፌ ለማውጣት አርባ ቀን ፈጀብኝ።

በአርባዋ ተዝካር ሄድኩ። ሚዜዬ ማንቆርቆሪያ ይዞ ለሰው ጠላ እየቀዳ ይዞራል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ተነሥቼ ቆምኩ።

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እግዜር ይቅር ይበለን» አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዋንጫዬን እስከ አፉ ሞልቶ እንዳልተቀመጥኩ አየና እንዲህ አለኝ፦

«ይቀመጡ እንጂ። ይጠጡ።»

አንቱ የሚለው ቄስ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።