አማቴና የመኪናው መስኮት

በብርድ ከመኪና ሳይወርድ ሲኒማ ለማየት ያሰበ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያ ምክሬ አማቱን ቤት ትቶ እንዲሄድ ነው። እኔ ግን አልቻልኩም፤ የሄድነው ለእሳቸው ሲባል ነበር።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰፊ ፓርኪንግ ላይ ትልቅ ስክሪን ተክለዋል። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያል፣ ድምፁን በመኪናው ሬዲዮ ይሰማል። ከዋናው ፊልም በፊት ተማሪዎች የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ያሳያሉ፤ አንዱ የልጄ ነው። ፊልሙ ስለ አያቷ ነው፣ አያቷ ግን ወሬውንም አልሰሙም። በስልኳ ስትቀርጻቸው ከጓደኞቿ ጋር የምታወራ ይመስላቸው ነበር። ልጄ እማማ (አያቷን ማለቷ ነው) ካላየችው ምንም ዋጋ የለውም፣ አይ ሚን ኢት፣ የምሬን ነው፣ ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ባለቤቴ ሥራ ስለነበረባት አማቴን ከጌይተርስበርግ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ልጄን ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤት ይዘን ወረድን። አማቴ ከፊት ወንበር ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭናቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የሽሮ ድስት ይዘው ተቀመጡ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ምክሬ ይመጣል፤ ትኩስ ነገር አትያዙ። ሞተር አጥፉ ስለሚባል የሽሮው እንፋሎት መውጫ የለውም፣ መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል።

አስተናጋጁ መጥቶ መስኮቱን በግራም በቀኝም ትንሽ ከፈት አድርጉ አለን። ምስኪን፣ ምን እንዳለ አያውቅም። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት መክፈት እኛ ዘንድ ሰው መግደል ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን እንኳ አንዱ መስኮት ሲነካ ሁላችንም የምንቆጣ ሰዎች ነን። አማቴ ደግሞ የቁጣው ሊቀመንበር ናቸው።

እኔም ተንኮል ጀመርኩ። እያሳልኩ በእኔ በኩል ያለውን መስኮት በጣት ያህል ዝቅ አደረግሁ። ማጅራቴን ቀዘቀዘኝ አሉ። ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቼ እግሬን የማክ መስዬ እንደገና ከፈትኩ። አሁን ዞር ብለው እያዩኝ፣ ምን በድዬህ ነው ልትገድለኝ የተነሳኸው አሉኝ። ዘጋሁ። በሶፍት ስወለውለው መስታወቱ ጭራሽ ባሰበት።

የልጄ ፊልም የጀመረው ይሄኔ ነው። ከፊታችን የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብቻ። ልጄ ከኋላ ዳዲ፣ ፕሊስ ስትል ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ስንት ቀን ክፍሏን ዘግታ የሠራችው ነገር ሽሮ ሊበላው ነው።

ሬዲዮው ግን ጉም አይለብስም። አንዲት አሮጊት በአማርኛ፣ "መስኮቱን ዝጊው ልጄ፣ ነፋስ ይመታሻል" ሲሉ ተሰሙ።

አማቴ ድስቱን እንዳቀፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ ልክ ናቸው፣ ስማ፣ አሉኝ። ሬዲዮው ቀጠለ። ቀስ እያሉ መነቅነቁን ተዉት። "ይሄ ድምፅ የእኔ አይደለም እንዴ?"

ለሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጄ፣ "እማማ፣ አንቺ ነሽ" አለቻቸው።

አማቴ ድስቱን ጭኔ ላይ አስቀምጠው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ወረዱ። ጋቢው ወንበሩ ላይ ቀረ። በስስ ሹራብ ብቻ መኪናው ፊት ቆመው አንጋጠጡ። ፊታቸው ቤት አክሎ ስክሪኑ ላይ ይስቃል። ልጄ ሮጣ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ የምር አስፈራኝ። ጋቢውን ይዤ ተከተልኳቸውና ይግቡ እንጂ፣ ይመታዎታል፣ አልኳቸው።

"ተወኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። "የልጄን ሥራ ልይበት።"

እስኪያልቅ ቆመው አዩት። ከዚያ ገብተው በሩን ጠረቀሙና መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን እንዳረጋግጥ አዘዙኝ። ዋናውን ፊልም አላየነውም። ሽሯችንን በላን፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ልጄን ያጎረሷት እሳቸው ናቸው።